የጥሩምባ ነፊው ልብ

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ለጭራሮ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ባለቤቴ የነገረችሽን ጠቅሰሽ «እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ከጻፍሽልኝ በኋላ ግን መዋሸቱ አላምር አለኝ። አዎ፣ እውነት ነው። ደብቄሽ አይደለም፤ ማለቴ ደብቄሻለሁ፣ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ለራሴ ሲገባኝ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ያላወራሁሽም ለዚሁ ነው። አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስታዳምጪ የምትውይ ሰው ነሽ፤ «ሃሎ» ስል ታውቂብኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። የሙዚቃ ባንዳችን መናፈሻው ውስጥ ሲጫወት ብቻዬን የምነፋበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ጥሩምባዬን አነሳሁ። ደረቴ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ሌላ ነገር መጫወት ጀመረ። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይዘላል፤ መላ የለውም። ጥሩምባውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ባንዱ ያለ እኔ ሄደ። ተመልካቹ ዝምታውም የሙዚቃው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ከመድረክ ስንወርድ ከበሮ መቺያችን ጠጋ ብሎ፣ «ዕድሜ ልክህን ምት አጠፋህ እያልክ ስታሳቅቀኝ ኖረህ፣ አሁን የአንተው ከበሮ ተዛነፈ?» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ከወንበሩ መነሳት አቃተኝና ሳቁ አለቀ።

ሐኪሟ የላይኛዎቹ የልቤ ክፍሎች በሥርዓት መምታት ትተው ይንቀጠቀጣሉ አሉኝ። ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ኪኒን ጀምሬያለሁ። ምቱን የሚያረጋጋ ሌላም አለ፤ እሱ ግን ምቱን ሲያረጋጋ እኔንም አብሮ አረጋግቶኛል። ደረጃ ስወጣ እግሬ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ጥሩምባውን የሚሞላ ትንፋሽም የለኝም።

አንድ መንገድ ግን አለ ብለዋል። በጭን በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልቤ ያስገቡና ረብሻው የሚነሳበትን ቦታ በሙቀት ይተኩሱታል። ከተሳካ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። ካልሆነ፣ የባንዱ መሪ በጨዋ ደንብ ነግሮኛል፤ ከኋላ ቆሜ ትልቁን ከበሮ እመታለሁ። ጥሩምባ ነፊን ከበሮ ምታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ከዚያ በፊት ሲቲ ስካን ታዞልኛል። አንቺ የምትሠሪበት ማሽን። ለመሆኑ ልቤ ውስጥ ምን ሊፈልጉ ነው? እዚህ ብጠይቅ ሁሉም ይቸኩላል። አንቺ ንገሪኝ፤ እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ወንድምሽ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 24 ቀን

ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። እሱን ለእትዬ ትቼዋለሁ፤ ሚስትህ እንዳንተ አትዋሽም። ግን በገዛ እጅህ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ደብዳቤህን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምውለው።

ለጥያቄህ መልሱ ይኸውልህ። መብራት በጠፋበት ቤት ገብቶ ቧንቧ የሚጠግን ሰው አስቀድሞ የቤቱን ፕላን ማየት ይፈልጋል አይደል? ሐኪምህም የሚፈልጉት ያንን ነው። በግራ በኩል ያለው የላይኛው የልብህ ክፍል ከሳንባ የሚመጣውን ደም የሚቀበል ክፍል ነው። ደሙ የሚገባባቸው በሮች ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ሰው ግን መልኩ እንደሚለያይ ሁሉ ልቡም ይለያያል። አንዱ ትርፍ በር ይኖረዋል፣ የሌላው ሁለቱ ከመግባታቸው በፊት ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ረብሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከነዚህ በሮች አፍ ስለሆነ የሚተኮሰውም ዙሪያቸው ነው። ስለዚህ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ምን ያህል እንደሚሰፉ ይለካል። ክፍሉ ራሱ ተለጥጦ እንደሆነም ይታያል፤ ሲንቀጠቀጥ የቆየ ልብ ይለጠጣልና። ከክፍሉ ጀርባ ደግሞ ምግብ የምትውጥበት ቱቦ ያልፋል፤ ሲተኩሱ እሱን እንዳይነኩ የት እንደሚያልፍ ማወቅ አለባቸው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ሳልነግርህ ማለፍ አልፈልግም። ከዚያ ክፍል ጎን እንደ ጆሮ የተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት አለች። ልብ ሲንቀጠቀጥ ደም እዚያ ይተኛል፤ ሲተኛ ሊረጋ ይችላል። የረጋ ደም ካለ ቱቦ አይገባም፤ ተነቅሎ ወደ ጭንቅላት ሊሄድ ይችላልና። መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው።

በክንድህ ደም ሥር ደምህን በምስሉ ላይ የሚያበራ ቀለም ይሰጡሃል። ሰውነትህ ይሞቃል፤ ሱሪህን ያረጠብክ ይመስልሃል። አላረጠብክም። አንድ ጊዜ ይህን ለአንድ ዳኛ መንገር ረስቼ፣ ከማሽኑ እንደወረዱ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቆለፉ። ስንለምናቸው ነው የወጡት።

ልጅ ሆኜ አስሜ ሲነሳብኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ «አትሩጪበት፣ ትንፋሹ ራሱ ይመጣልሻል» ትለኝ ነበር። ዛሬ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ በሽተኞቼን የማናግረው በዚያ ድምፅ ነው። ባልደረቦቼ ከየት ተማርሽው ሲሉኝ ከጥሩምባ ነፊ እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም።

ጭራሮህ

ኅዳር 11 ቀን

ለእህቴ፣

ውጤቱ መጥቶ ዝም ያልኩሽ ጥሩ ስላልሆነ ነው። ይቅር በይኝ። በባለቤቴ ስልክ የላክሽውን አጭር መልእክት ግን አይቻለሁ፤ ለሱም እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ውጤቱ። ጆሮ ትመስላለች ያልሽኝ ከረጢት ውስጥ ቀለሙ ያልደረሰበት ጥቁር ቦታ ታይቷል። «የረጋ ደም ሊሆን ይችላል» አሉኝ ሐኪሟ። ሊሆን ይችላል እስከሆነ ድረስ ቱቦው አይገባም። ቀጠሮው ተሰርዟል፤ ኪኒኑን እየዋጥኩ እንድጠብቅ ታዝዣለሁ። እስከ መቼ ብዬ ብጠይቅ፣ ምስሉን ያነበቡትን ሐኪም ላማክርና እነግርዎታለሁ አሉኝ። ባለቤቴ የጥሩምባዬን ሳጥን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅላዋለች። «እስኪሻልህ ነው» ትላለች። እኔ ግን ቀና ባልኩ ቁጥር የራሴን ሬሳ ሣጥን የማይ ይመስለኛል። የባንዱ መሪም ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ስለ ከበሮው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም ሲል ነው የከፋኝ።

አሁን ወደ መልእክትሽ። «ትንፋሹን እንዴት ነው የያዝከው?» ብለሽኛል። ከጥያቄ ሁሉ ይሄ? እንደ ሙያዬ ነዋ። ማሽኑን የምታሠራው ልጅ፣ «አባቴ፣ ትንፋሽ ያዙ ስል ይይዛሉ፣ ልቀቁ ስል ይለቃሉ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ትንፋሽ መያዝ ለኔ አይነገርም» አልኳት።

«እንግዲያው ዛሬ ሥራዬ ቀለለ» ብላ ሳቀች።

ሙቀቱ መጣ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አስጠንቅቀሽኝ ባይሆን እንደ ዳኛው በቆለፍኩ። ከዚያ «ያዙ» ስትል ከሆዴ ጀምሬ እስከ ትከሻዬ ሞላሁት፣ ጉሮሮዬን ዘጋሁ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ልነፋ ስል እንደማደርገው ወደ ታች ገፋሁት። ጆሮዬ ጭው አለ። ፊቴ ሳይቀላ አልቀረም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና እንድታደንቀኝ ፈልጌ ነበር። «ልቀቁ» ስትለኝ ገና ብዙ ቀርቶኝ ነበር።

ለምን ጠየቅሽኝ?

ወንድምሽ

ኅዳር 20 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ስህተቴ እሱ ነው። ስለ ከረጢቷ የጻፍከው ጋ ስደርስ ቀጣዩ በሽተኛ ገቡ። ትንፋሽ ሳስይዛቸው ድምፄ ተሰበረ፤ ባልደረባዬ ምንም ሳትጠይቀኝ ማይክራፎኑን ተቀበለችኝ። እሳቸው ከወጡ በኋላ የቀረውን አነበብኩና፣ ጉሮሮህን ዘግተህ ወደ ታች የገፋህበት ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረስኩ። ባልደረባዬ ያበድኩ መስሏት ነበር።

የጠየቅኩህ ለዚህ ነው። እኛ የምንፈልገው ትንፋሽ ትንሽ ነው፤ ሰው መስኮት ጋ ቆሞ የሚስበውን ያህል። በኃይል ተስቦ ጉሮሮ ተዘግቶ ሲገፋ ደረት ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ያኔ ከክንድህ የሚመጣው ቀለም ያለበት ደም መንገዱ ይጠበዋል፣ ወይም ቀለም ከሌለው ደም ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል። ምስሉ ይደክማል። በዚያ ላይ ልብህ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ደሙ ወደዚያች ከረጢት የሚገባው እያዘገመ ነው። ቀለሙ ሳይደርስ ምስሉ ከተነሳ ባዶው ቦታ የረጋ ደም ይመስላል። ለዚህ መላው ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ምስል ማንሳት ነው። ዘግይቶ ከሞላ መዘግየት ብቻ ነበር ማለት ነው። ካልሞላ ያው የረጋ ደም ነው።

አሁን ደግሞ በደንብ ስማኝ። ምስሉን አላየሁም፤ ያላየሁትን ምስል አላነብም። የረጋ ደም የለህም እያልኩህ አይደለም፤ ሊኖርህ ይችላል። ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳትዘል። ለሐኪምህ ስለ ትንፋሹ ለኔ የጻፍከውን እንዳለ ንገራቸው። እኔ ባለሙያ እህት አለችኝ፣ እንዲህ ብላለች ብለህ ግን እንዳትጀምር። እንዲህ የሚጀምሩ ቤተሰቦች እዚህም ይመጣሉ፤ ምን ያህል እንደምንወዳቸው አልነግርህም።

የፈራሁትን ደብቄ አልጨርስም። ፈርቻለሁ። እትዬን ሳጥኑን ከዚያ አውርጂው በላት።

ጭራሮህ

ታኅሣሥ 28 ቀን

ለእህቴ ለጭራሮ፣

በመጀመሪያ ምስጋና ይቅደም፤ ወሬውን ካስቀደምኩ ምስጋናውን እረሳዋለሁ። አመሰግንሻለሁ።

እንዳልሽኝ አደረግኩ። ለሐኪሟ አንቺን ሳልጠቅስ ትንፋሼን እንዴት እንደያዝኩ ነገርኳቸው። አልበቃ ብሎኝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ አሳየኋቸው። ፊቴን አይተው ተነሱና «በቃ፣ በቃ፣ ይልቀቁት» አሉኝ። ከዚያ ኮምፒውተራቸውን ወደኔ አዙረው፣ «ምስሉን ያነበቡት ሐኪም ቀለሙ ደክሟል፣ ሁለተኛ ይነሳ፣ የዘገየ ምስልም ይጨመር ብለው ልከውልኛል። ለምን እንደደከመ ነበር ግራ የገባን። ትንፋሽ መያዝ የሚያቅተው ሰው እንጂ ትንፋሽ መያዝ የሚበዛበት ሰው አጋጥሞን አያውቅም» አሉ። እኔም ያንን እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ጥቂት ሳምንታት በኪኒን ጠበቅሁና ተመለስኩ። ልጅቷ በሩ ላይ እንዳየችኝ፣

«እርስዎ ነዎት ለካ! ዛሬ ኮንሰርት የለም» አለች።

«አፍሬ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እኔም እኮ ጥፋት አለብኝ፤ ሥራዬ ቀለለ ብዬ መለማመዱን ዘለልኩት። አሁን እንለማመዳለን።» አልጋው ላይ አስተኝታኝ ራስጌዬ ቆመች። «ባንዱ ሲጫወት የእርስዎ ተራ እስኪደርስ ምን ያደርጋሉ?»

«ጥሩምባዬን ይዤ እጠብቃለሁ።»

«ትንፋሽዎስ?»

«እሱም አብሮኝ ይጠብቃል።»

«እሱን ነው የምፈልገው። ተራዎ ግን አይደርስም፣ እሺ? ዝም ብለው ይጠብቃሉ።»

ደጋግመን ተለማመድን። ትከሻዬ ብቅ ባለ ቁጥር በእጇ መለስ ታደርገዋለች። ከዚያ ሄደች፤ ድምፅዋ ብቻ መጣ። ጠበቅሁ። መጀመሪያ አንድ ምስል አነሳች። ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ማሽኑ ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ረዘመችብኝ። ከረጢቷ እየሞላች ይሆን ወይስ እዚያው እንደጠቆረች ናት እያልኩ ጣሪያውን አያለሁ። ከዚያ ሁለተኛውን አነሳች።

ሞልታለች። በመጀመሪያው ምስል ጫፏ ደብዘዝ ብሎ ነበር፤ በሁለተኛው እስከ ጫፏ በርታለች። የረጋ ደም የለም። ሐኪሟ ይህን ሲነግሩኝ ባለቤቴ እጄን ይዛ ነበር፤ ጣቶቼን አሁንም ያመኛል።

ሌላም አለ። የግራዎቹ ሁለት በሮች አንቺ እንዳልሽው ከመግባታቸው በፊት ተገናኝተው አንድ ሰፊ በር ሆነዋል። ክፍሉ ተለጥጧል፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይደለም ብለዋል። «ይህን አስቀድሜ ባላይ ኖሮ ሁለተኛውን በር ውስጥ ገብቼ ስፈልግ እውል ነበር። አሁን ለሱ የሚሆነውን መሣሪያ ይዤ እገባለሁ» አሉኝ። የጥር ወር መጨረሻ ተቀጥሬያለሁ።

ለልጅቷ ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጠፍቶኝ፣ ስድን ልነፋልሽ እመጣለሁ አልኳት። «ሆስፒታል ውስጥ ጥሩምባ ክልክል ነው፤ መናፈሻው እመጣለሁ» አለችኝ።

ወንድምሽ

(ከባለቤቱ፦ እቴ፣ ሳጥኑን አውርጄዋለሁ፤ አሁን ደግሞ አልጋ ላይ አስቀምጦ እኔን ግድግዳ አስጠግቶኛል። የምስሉን ዲስክ በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። እሱ «ሥራ ላይ ሥራ አትጨምሪባት» ብሎ ነበር፤ አልሰማሁትም።)

ጥር 22 ቀን

ጋሼ፣

በስልክ «አየሽው?» ስትለኝ ወሬ የቀየርኩት ስላላየሁት ነው። ዲስኩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በየቀኑ የሰው ልብ የምከፍት ሰው የአንተን ለመክፈት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሐኪምህ አይተውታል፣ ይበቃል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከፈትኩት።

አየሁት። መጀመሪያ እንደ ልማዴ ለካሁ። ከዚያ ምስሉን አዞርኩት። በቀኝ ሁለቱ በሮች፣ በግራ ያ ሰፊው። ከጀርባ የምግብ ቱቦህ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ያልፋል፤ ሐኪምህ ይህንንም አይተውታል፣ በሪፖርቱ ላይ አለ። ከረጢቷ ወደ ላይ ቀልበስ ያለች ናት። ለካ እንዲህ ነበር የሚመስለው አልኩ። እዚህ ስንት ልብ አያለሁ፤ ባለቤቶቹን ግን አላውቃቸውም። በሩ ላይ ሸኝቻቸው ይሄዳሉ። የዚህን ባለቤት አውቀዋለሁ። ማን አሳድጎኝ፣ ማን ትምህርት ቤት በር ድረስ አድርሶኝ፣ ማን ስመረቅ ከአዳራሹ ኋላ ሆኖ ጥሩምባ ነፍቶ ከጥበቃ ጋር እንደተጣላ አውቃለሁ። ምስሉ ላይ ይሄ ሁሉ አይታይም፤ እኔ ግን ስለካ ቆየሁና መለካቱን ትቼ ዝም ብዬ አየሁት። አመሰግንሃለሁ ማለት የፈለግኩት ብዙ ዓመት ነበር፤ አጋጣሚው ይሄ ሆነ።

ለዚያች ልጅ አንድ ነገር አድርስልኝ። እዚያ ማዶ ያለች የሙያ እህትሽ አየችው በላት። ምቱ መላ የሌለውን ልብ ጠርዙ ሳይደበዝዝ ማንሳት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ እኛ ነን የምናውቀው። ሁለተኛዋ ምስል ጥርት ያለች ናት። እኔ ብሆን እንዲህ አላወጣትም ነበር።

ይህ ሲደርስህ ለሕክምናው ተኝተህ ተነስተሃል። እኔ አጠገብህ የለሁም፤ ምስልህን የያዙ ሰዎች ግን አሉ።

ጭራሮህ

የካቲት 19 ቀን

ለእህቴ፣

አጭር ነው፤ ብዙ እንዳልቀመጥ ታዝዣለሁ። ተደርጓል። ሐኪሟ ገብተው በሮቹን እዚያው ምስሉ ባለበት ቦታ አገኟቸው። ስነቃ ከጎኔ ያለው ማሽን ጢክ፣ ጢክ ይላል፤ እኩል፣ እኩል። ባለቤቴ እያዳመጠች ታለቅሳለች።

የጠየቅሽኝን አልደብቅሽም። አዎ፣ ቤት ከገባሁ በኋላ ልቤ ሁለቴ ተመልሶ ተንቀጥቅጧል። ተስፋዬ ጥሎኝ ሄደ። ሐኪሟ ግን ቁስሉ እስኪጠግግ ይህ ያጋጥማል፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት አይቆጠሩም አሉኝ። ስለዚህ አልቆጥራቸውም። አንቺም አትቁጠሪያቸው።

ወንድምሽ

ግንቦት 30 ቀን

ለእህቴ ለጭራሮ፣

በሦስት ደብዳቤ «ለምን ጠፋህ?» ብለሽኛል። ባለቤቴም ጻፍላት፣ ጻፍላት ብላ ሰልችቷት የራሷን ልካልሻለች መሰለኝ። ተቆጭ፣ መብትሽ ነው።

ባንዱ ውስጥ ነኝ። ሁለተኛ ጥሩምባ። አንደኛውን ወንበር እኔ ታምሜ ሳለ የያዘው ሰው ጎበዝ ነው፤ ይዞት ይቆይ። ከበሮ መቺው ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ «ትልቁ ከበሮ አሁንም ይጠብቅሃል» ይለኛል። ያቺ ልጅ ባለፈው እሑድ መናፈሻው መጥታ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ ያለ ነጭ ልብሷ ልጅ ናት። መልእክትሽን ነገርኳት። «የሙያ እህቴ ምን አለች? እስቲ ድገሙልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት።

ለሳምንት የልብ ምት የሚቀርጽ መሣሪያ ደረቴ ላይ አድርገውልኝ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተዛባም። ምቱን የሚያረጋጋውን ኪኒን አስቁመውኛል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ግን እቀጥላለሁ። ሐኪሟ መሣሪያውን እያነበቡ «በዚህ ሳምንት ልብዎ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ላስታውስ ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ተነስቻለሁ፣ ልምምድ ሄጃለሁ፣ ደረጃ ወጥቻለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ስለ መጋረጃ ተጨቃጭቄያለሁ። ልቤን ግን ከነዚህ በአንዱም ውስጥ አላገኘሁትም። «አላውቅም» አልኳቸው። ሐኪሟ ፈገግ ብለው «ይሄ ነው የምንፈልገው መልስ» አሉኝ።

እንግዲህ ያልጻፍኩልሽ ተቀይሜ አይደለም፣ ታምሜም አይደለም። ስጽፍልሽ የነበረው ስለ ልቤ ነበር። ይቅር በይኝ እህቴ፤ ረስቼው ነው።

ወንድምሽ